ማን ነው የሚያየው?

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ፤
የኔም ጉድ ደረሰኝ፣ በኢሜይል ነው ቃሉ፦
«ክቡር ደንበኛችን፣ ደስታ ነው ዜናችን፤
ዋጋ ጨምረናል፤ ሐሙስ ወጥቷል ከእጃችን።»

እኔ ኦርቪል ቬርሄይደን፣ ሰባ ስምንት ዓመቴ፣
አርባውን ለወረቀት ፋብሪካ መስጠቴ
አልቆጨኝም ከቶ። የሚቆጨኝ ሌላ፦
ኳስ እንደ ቅርጫ ሥጋ በመደብ ሲበላ።
ሰኞን አንዱ ወስዷል፣ ሐሙስን ሌላኛው፤
እሑድን ለሁለት ነው ቢላ የቆረጠው፤
የገናዋን ግጥሚያ ለብቻዋ ነጥሎ
ፊልም አከራይ ወሰዳት፣ ከምላስ ሰንበር ጋር ጠቅሎ።

ድሮ ጣራ ላይ ነው። በረዶ እየረገጥሁ
አንቴናውን ሳዞር፣ ጣቴን እፍ እያልሁ፣
ላቨርን ከመስኮት፦ «ግራ! ትንሽ ግራ!
በቃ! እንዳትነካው!» ስትል፣ ስትጣራ።
ምስሉም በረዶ ነው፣ ሜዳውም በረዶ፤
ያቺ ሞላላ ኳስ፣ መንገዷ ተጋርዶ፣
በማን እጅ እንደገባች በጩኸት ነው የምናውቀው።
ግን ነፃ ነበረ።
በሚሺጋን ሐይቅ ላይ የሚያልፍን አየር ማን ነው የሚያስከፍለው?

ማይ ካው መጣች ማታ፣ የጎረቤት ልጅ፤
እናቷ የሕሞንግ ዱባ ትተዋለች ከደጅ፣
ከገበያ የተረፈውን፣ በሩን ሳታንኳኳ።
ልጅቷ እርሳስ ይዛ፣ ሰንጠረዥ ስትለካ፦
«ይሄ ዘጠኝ ዶላር፤ ማስታወቂያ አለው።
ይሄ ሃያ አራት ነው፣ ሰኞን የያዘው።
ይሄ ደግሞ ሳሙና፣ ጫማና ድስት ይሸጣል፤
ሐሙስ ማታ ሲሆን ግን ኳስ ያሳያል።
ይሄኛው በነፃ ነው፣ ለሰባት ቀን ብቻ፤
በስምንተኛው ቀን ይጀምራል ዘመቻ።»

ደመርን። ደገምን። መቶ አርባ በወር!
ለዚያ ለማይረባ፣ በሦስተኛው ሩብ ለሚሰበር
ቡድን?

«እንግዲህ ይቀነስ፤ ይቺ ትውጣ» አለች፤
«ኳስ የሚባል የላት፣ ድራማ ብቻ ነች።»
ከፈተቻት።
ስክሪኑ ጠቆረ፣ ትንሽ ቆየ ፈዞ፤
ከዚያ ጥያቄ አወጣ፣ ሁለት ክብ ይዞ፦

ማን ነው የሚያየው?

በአንዱ ክብ ውስጥ «ኦርቪል»፣ ምንም ሥዕል የለው።
በሌላው «ላቨርን»፣ ከዳክዬ ጋራ።
ዳክዬ ለምን እንደመረጠች አልጠየቅኋት፤
ጥቅምት ሲመጣ ሁለት ዓመት ይሞላታል።

«ካቆሙበት ይቀጥሉ» ይላል፣ አሁንም በትሕትና።
አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ይቀራል ገና።
የዴንማርክ ታሪክ ነው፤ አንድ ሀብታም ተገድሎ፣
መርማሪዋ ሹራብ ለብሳ፣ ዝናቡ አላባራ ብሎ።
«አትክልተኛው ነው» ብላ በአምስት ዶላር ተወራርዳኝ ነበር።
እኔ ሚስቱ ናት ብዬ።
ከዚያ ሆስፒታል ገባች፤ ማን ያስታውስ ውርርድ፣
ማን ያስታውስ ገዳይ።

«ይቺን አንነካም» አልኋት።
«ኳስ የለባትም እኮ!»
«አውቃለሁ።»
ማይ ካው ዳክዬዋን አየች፣ እኔንም አየች፤
እርሳሷን ገልብጣ፣ ሐሙስን በላጲስ አጠፋች።

ሐሙስ ማታ ሆነ። ከማዶ ቤት ጩኸት!
መጋረጃው ተገልጦ ብቅ አለች ከመስኮት፤
ጣቶቿን ዘረጋች፦ ሰባት፣ ለኛ። ቆይታ
አሥሩንም፤ ለነሱ። ፊቷ የዝናብ ማታ።
እኔም ከዚህ ወገን፣ መስታወቱን ተጠግቼ፣
እጄን አወዛወዝሁ፣ እንደ ዳኛ ተቆጥቼ።

ከዚያ ዳክዬዋን ተጫንሁ። አንድ ደቂቃ አየሁ።
አትክልተኛው መቀስ አነሳ።
አቆምሁ።

በሳምንት አንዲት ናት፤ አሥራ ስምንት ይቀረኛል።
ቡድኑ ባይደርስም፣ ለጥር ያደርሰኛል።